ፊልም በምን መንገድ ቤት ይገባል? ከቪዲዮ ማከራያ ቤት እስከ ስትሪሚንግ

አንድ የሒሳብ ጥያቄ እናስቀድም። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1998 ነው እንበል። በአንድ ዲቪዲ ላይ የተቀረጸ ፊልም በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከሚገኝ መጋዘን ወደ አንድ መኖሪያ ቤት መድረስ አለበት። ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ዲስኩን በወረቀት ከረጢት አሽጎ ለፖስታ ሠራተኛ መስጠት ሲሆን፣ ሁለተኛው በዲስኩ ላይ የሰፈረውን መረጃ በሞደም አማካይነት በስልክ መስመር ማስተላለፍ ነው። የትኛው ይቀድማል?

ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ በጠቅላላው 37.6 ቢሊዮን ቢት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በብዙ መኖሪያ ቤቶች ይገኝ የነበረው ሞደም ቢበዛ በሰከንድ 56,000 ቢት ያስተላልፍ ነበር። ብናካፍለው ወደ 671,000 ሰከንድ እናገኛለን፤ ይህም ስልኩ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይቋረጥ ስምንት ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። ፖስታ ሠራተኛው ግን በማግስቱ ደርሶ በሩን ያንኳኳል። የእርሱን «ፍጥነት» በዚያው መለኪያ ብናሰላው፣ 37.6 ቢሊዮን ቢት በ86,400 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 435,000 ቢት ይሆናል። በእግሩ የሚሄደው ሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሞደም ስምንት እጅ ያህል በለጠው ማለት ነው።

ይህ ተራ የሚመስል ማካፈል የቪዲዮ ማከራያ ቤቶች እንዴት እንደተስፋፉና በምን ምክንያት እንደተዘጉ ለመረዳት ጥሩ ቁልፍ ይሆነናል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ብልህና ሞኝ ነጋዴዎች ተረት ነው፤ አንደኛው አርቆ አሳቢ፣ ሌላኛው እንቅልፋም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከነጋዴዎቹ ጠባይ ይልቅ ወደ ፊዚክሱና ወደ ሒሳቡ እናደላለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካሴት፣ ሱቅና መቀጫ

በአገራችን «ዴክ» እየተባለ የሚጠራው የቤት ውስጥ ቪዲዮ ማጫወቻ በስፋት የታወቀው በሁለት ተፎካካሪ ዓይነቶች ነው። የሶኒ ኩባንያ ቤታማክስን በ1975፣ ጄቪሲ ደግሞ ቪኤችኤስን በ1976 ለገበያ አቀረቡ። ዴኩን የገዛ ሰው ካሴቱንም መግዛት ይከብደው ነበር። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ብዙ አዳዲስ ፊልሞች በካሴት ከ70 እስከ 100 ዶላር ይሸጡ ነበርና። አንድን ፊልም ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚያየው አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። ጆርጅ አትኪንሰን የተባለ ሰው ይህን ተመልክቶ በ1977 በሎስ አንጀለስ ከተማ ካሴት ማከራየት ጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ አከራዮች አንዱ ሆኖም ይጠቀሳል።

የፊልም ኩባንያዎች በነገሩ ደስተኞች አልነበሩም፤ ነገር ግን ሊከለክሉት አልቻሉም። በአሜሪካ ሕግ «የመጀመሪያ ሽያጭ» የሚባል መርህ አለ። መርሁ በ1908 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የጸናና በኋላም በ1976ቱ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ የሰፈረ ነው። አንድን መጽሐፍ ወይም ካሴት በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ያንኑ ዕቃ መልሶ ሊሸጠው፣ ሊያውሰው ወይም ሊያከራየው ይችላል፤ ሊያባዛው ግን አይፈቀድለትም። አከራዩ ካሴቱን ከገዛ በኋላ ከማንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። አንባቢያን ይህን መርህ ልብ ይበሉልን፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለንና።

ከተከፈቱት ሱቆች ሁሉ ስሙ የገነነው ብሎክበስተር ነው። በጥቅምት 1985 በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ የመጀመሪያውን ሱቅ የከፈተው ዴቪድ ኩክ ቀደም ሲል ለነዳጅ ኩባንያዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም ያቀርብ የነበረ ሰው ነው። ይህ የሙያ ታሪክ እንዲያው በአጋጣሚ የተጠቀሰ አይደለም። በሱቁ ወደ 8,000 የሚደርሱ ካሴቶች ነበሩ፤ የትኛው ካሴት በማን እጅ እንዳለ፣ መቼ እንደሚመለስና የትኛው ፊልም በየትኛው ሰፈር እንደሚፈለግ በኮምፒውተር መዝግቦ መያዝ ከትንንሾቹ ሱቆች የለየው ጥበብ ሆነ። ቫያኮም የተባለው የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያ በ1994 ብሎክበስተርን በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2004 ኩባንያው በዓለም ዙሪያ ከ9,000 በላይ ሱቆች ነበሩት።

ካሴት አንድ ግዑዝ ዕቃ ነው። በአንድ ጊዜ በሁለት ቤት ሊገኝ አይችልም። ተከራዩ ካሴቱን አንድ ቀን ባዘገየ ቁጥር ሱቁ በዚያ ካሴት ሊያገኝ የሚችለውን የአንድ ቀን ገቢ ያጣል፤ ቀጣዩ ደንበኛም ባዶ መደርደሪያ አይቶ ይመለሳል። የመዘግየት መቀጫ የተፈጠረው ከዚህ ነው። እያደር ግን መቀጫው ከማስጠንቀቂያነት አልፎ ዋና ገቢ ሆነ። በ2000 ብሎክበስተር ከመቀጫ ብቻ 800 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ማለትም ከጠቅላላ ገቢው 16 በመቶ የሚሆነውን እንዳገኘ ተዘግቧል። በእኛ አስተያየት ደንበኛው በተሳሳተ ቁጥር የሚያተርፍ ንግድ ደንበኛው ሌላ አማራጭ እስኪያገኝ ድረስ ብቻ የሚቆም ነው። አማራጩ ደግሞ በመንገድ ላይ ነበር።

16 ግራም የምትመዝን ዲስክ

ዲቪዲ በጃፓን በ1996 መጨረሻ፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1997 ገበያ ላይ ዋለ። ከሲዲ ጋር በመጠን እኩል ነው፤ ዲያሜትሩ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ በሚያነበው ብርሃን ላይ ነው። የሲዲ ሌዘር የሞገድ ርዝመት 780 ናኖ ሜትር ሲሆን የዲቪዲው 650 ናኖ ሜትር ነው። ሞገዱ ሲያጥር ብርሃኑን ይበልጥ ጠባብ በሆነ ነጥብ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። በመሆኑም በዲስኩ ላይ የሚቀረጹት ጥቃቅን ጎድጓዶች ሊያንሱና ሊቀራረቡ ቻሉ፤ በሁለት አጎራባች መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ከ1.6 ማይክሮ ሜትር ወደ 0.74 ማይክሮ ሜትር ወረደ። ሙሉ ፊልም በአንድ ዲስክ ላይ ሊሰፍር የቻለው በዚህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ቪሲዲ 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ ፊልሙ በሁለት ዲስክ ይከፈል እንደነበረ፣ ልብ አንጠልጣዩ ቦታ ላይ ሲደርስም ተነሥቶ «ሲዲ ሁለትን» ማስገባት ግድ እንደነበረ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

የዲቪዲ ክብደት 16 ግራም ያህል ብቻ ነው። ሪድ ሄስቲንግስና ማርክ ራንዶልፍ በ1997 ንግድ ለመጀመር ሲያስቡ ቪኤችኤስ ካሴትን በፖስታ መላክ እጅግ ውድ ሆኖ አገኙት። ስለ አዲሷ ዲስክ በሰሙ ጊዜ ዲቪዲ በእጃቸው ስላልነበረ አንድ የሙዚቃ ሲዲ በፖስታ ከረጢት አድርገው ወደ ሄስቲንግስ ቤት ላኩ። ሲዲው በማግስቱ ሳይሰበር ደረሰ። ኔትፍሊክስ በነሐሴ 1997 ተመሠረተ፤ በሚያዝያ 1998 ዲቪዲ በፖስታ ማከራየት ጀመረ፤ በ1999 ደግሞ ወርኃዊ ክፍያ አስተዋወቀ። ወርኃዊ ክፍያ የከፈለ ደንበኛ ዲስኩን ደስ እስኪለው ድረስ ሊያቆየው ይችላል፤ መቀጫ የለም፤ የቀድሞውን ሳይመልስ ግን አዲስ አይላክለትም። ሄስቲንግስ ኩባንያውን የመሠረተው በአንድ ፊልም 40 ዶላር መቀጫ ስለተጣለበት ነው የሚለው ታዋቂ ታሪክ ለማስረዳት የሚመች ወግ እንጂ የኩባንያው እውነተኛ አነሣስ እንዳልሆነ ራንዶልፍ ራሱ በኋላ ተናግሯል።

በ2005 ኔትፍሊክስ በቀን አንድ ሚሊዮን ዲስክ ያህል ይልክ ነበር። ወደ መጀመሪያው ስሌታችን እንመለስ። አንዷ ዲስክ በአንድ ቀን ስትደርስ በሰከንድ 435,000 ቢት ከሆነች፣ አንድ ሚሊዮን ዲስኮች በሰከንድ 435 ቢሊዮን ቢት ይሆናሉ። በዚያ ዘመን ከነበሩት የመረጃ መስመሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ አስደናቂ አቅም ነው፤ ተሸካሚዎቹ ግን የፖስታ መኪናዎች ነበሩ። የመስመሩ ጉድለት ሌላ ነው። በመረጃ ማስተላለፍ ሳይንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊምታቱብን አይገባም፤ በአንድ ሰከንድ የሚያልፈው የመረጃ መጠንና የመጀመሪያው ቢት እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ። ፖስታ በመጀመሪያው እጅግ ባለጸጋ፣ በሁለተኛው እጅግ ድኻ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ፊልም ማየት ያማረው ሰው እስከ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ መጠበቅ አለበት። ብሎክበስተር ከፖስታ የተሻለበት ብቸኛ ነገርም ይኸው ነበር፤ ሱቁ ቅርብ ነው።

168 ጊጋ ባይትን ማመቅ

ፊልም በሽቦ እንዲሄድ ሁለት ነገሮች መቀራረብ ነበረባቸው። መስመሩ መስፋት፣ ፊልሙም መጥበብ ነበረበት። ስለ መስመሩ በአጭሩ እንለፍ። ቻርልስ ካዎ በ1966 ጥራት ያለው የመስታወት ክር ብርሃንን ብዙ ርቀት ሊያስተላልፍ እንደሚችል አሳየ፤ ለዚህም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ዛሬ ውቅያኖስ አቋርጠው አህጉራትን የሚያገናኙት ገመዶች የዚህ ግኝት ልጆች ናቸው። እኛን ይበልጥ የሚማርከን ሁለተኛው፣ የመጥበቡ ነገር ነው።

የአገራችን ቴሌቪዥን ሲከተለው በኖረው የፓል ሥርዓት አንድ ዲጂታል ምስል ወርዱ 720፣ ቁመቱ 576 ነጥቦች ወይም ፒክሰሎች አሉት። በድምሩ 414,720 ነጥቦች ማለት ነው። በሰከንድ 25 ምስሎች ይታያሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 24 ቢት ብንመድብ በሰከንድ 249 ሚሊዮን ቢት ያህል ያስፈልገናል። የ90 ደቂቃ ፊልም ወደ 168 ጊጋ ባይት ይሆናል፤ በዲቪዲ ቢቆጠር 36 ዲስክ ነው። ይህን የሚያህል ነገር በአንዲት ዲስክ ላይ የሚሰፍረው፣ በኋላም በቀጭን መስመር የሚያልፈው በምን ጥበብ ነው?

የመጀመሪያው ብልሃት የሚመነጨው ከዓይናችን ድክመት ነው። ዓይን የብርሃንን መድመቅና መደብዘዝ በጥራት ይለያል፤ የቀለምን ልዩነት ግን ያን ያህል በዝርዝር አያይም። ስለዚህ የብርሃኑን መጠን ለእያንዳንዱ ነጥብ፣ ቀለሙን ግን ለአራት ነጥቦች በጋራ ብንመዘግብ ተመልካቹ ሳያውቅ መረጃው በግማሽ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ብልሃት የበለጠ ረቂቅ ነው። ምስሉ ወርድና ቁመታቸው ስምንት ስምንት ነጥብ በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፈላል። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ 64 ቁጥሮች አሉ። እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ከመመዝገብ ይልቅ «በዚህ ካሬ ውስጥ ዝግ ብሎ የሚለዋወጠው ብርሃን ምን ያህል ነው? በፍጥነት የሚለዋወጠውስ?» ብለን ብንጠይቅና መልሱን በሌሎች 64 ቁጥሮች ብናስቀምጥ አንድ ደስ የሚል ነገር እናገኛለን። የሰው ፊት፣ ሰማይ፣ ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ የሚለዋወጡ ስለሆኑ ከ64ቱ ቁጥሮች ትርጉም ያላቸው ጥቂቶቹ ብቻ ይሆናሉ። የቀሩት ለዜሮ የቀረቡ ናቸው፤ ዓይንም ስለማያያቸው ዜሮ ብንላቸው አንጎዳም። ተከታታይ ዜሮዎችን ደግሞ «እዚህ ቦታ 50 ዜሮ አለ» ብሎ በአጭሩ መጻፍ ይቻላል። ሙዚቃን በየሰከንዱ ሽርፍራፊ ከመመዝገብ ይልቅ በየትኞቹ ቃናዎች እንደተሠራ መጻፍ ማለት ነው።

ይህ ስሌት ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም ይባላል። የሐሳቡ አመንጪ በህንድ ተወልዶ በአሜሪካ በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ናስር አህመድ ነው። በ1972 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የምርምር ገንዘብ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ውድቅ ሆነበት፤ ከገምጋሚዎቹ አስተያየቶች አንዱም ሐሳቡ ከመጠን በላይ ቀላል ነው የሚል እንደነበር በኋላ ጽፏል። እርሱ ግን አልተወውም። ከናታራጃንና ከራዎ ጋር ሆኖ በ1974 በጥቂት ገጾች አሳተመው። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው ፎቶግራፍ፣ ቪሲዲው፣ ዲቪዲውና በኢንተርኔት የምናየው ፊልም ሁሉ በዚህ ስሌት ወይም ከእርሱ በተወለዱ ስሌቶች ይታመቃሉ። የምርምር ንድፈ ሐሳባቸው ተቀባይነት ያጣ ተማሪዎች ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቡት አንከፋም።

ሦስተኛው ብልሃት በጊዜ ላይ ይሠራል። ዜና አንባቢዋ ስታነብ ከበስተኋላዋ ያለው ግድግዳ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሱት ከንፈሮቿና ጥቂት የፊቷ ክፍሎች ናቸው። ታዲያ ግድግዳውን በሰከንድ 25 ጊዜ ደጋግሞ መላክ ለምን ያስፈልጋል? አንድ ሙሉ ምስል ይላክና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ፣ የተንቀሳቀሰውንም «ይህ ካሬ ሦስት ነጥብ ወደ ቀኝ ሄዷል» በማለት መግለጽ ይበቃል። በእግር ኳስ ጨዋታ ጊዜ ምስሉ ከዜናው ይልቅ ቶሎ የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁሉም ነገር አብሮ ይንቀሳቀሳልና።

የእነዚህ ብልሃቶች ድምር ውጤት በየጊዜው በወጡ መመዘኛዎች ተሻሽሏል። በ2003 የወጣው ኤች.264 የሚባለው መመዘኛ ከዲቪዲው እመቃ በጣም የተሻለ ነበር። ወርዱ 1,920፣ ቁመቱ 1,080 ነጥብ የሆነ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ሳይታመቅ ወደ 1.2 ቢሊዮን ቢት ይፈልጋል፤ ኔትፍሊክስ ዛሬ ለዚህ ጥራት የሚመክረው የመስመር ፍጥነት 5 ሚሊዮን ቢት ነው። ከ200 እጅ በላይ ታምቋል ማለት ነው።

ሮቶውና የሰፈሩ ቋት

በጥር 2007 ኔትፍሊክስ ወደ 1,000 በሚጠጉ ፊልሞችና የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ስትሪሚንግ ጀመረ፤ ማለትም ፊልሙን ሙሉ በሙሉ ሳያወርዱ እየደረሰ ሳለ መመልከት ተቻለ። ነገር ግን የኢንተርኔት ፍጥነት እንደ ቧንቧ ውኃ ነው፤ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀጥናል። ፊልሙ ግን ሳያቋርጥ መፍሰስ አለበት። መፍትሔው በየግቢያችን ያለው ሮቶ ነው። ውኃ ሲመጣ ይሞላል፤ ሲጠፋ ከእርሱ ይቀዳል። ማጫወቻውም ቀድሞ የደረሱ ጥቂት ሰከንዶችን በማስታወሻው ያከማችና ከዚያ ያሳየናል። ሮቶው ሲደርቅ ያቺ የምታሰለች ክብ መዞር ትጀምራለች።

ሮቶው ብቻውን አልበቃም። ስለዚህ ፊልሙ ጥቂት ሰከንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ተከፍሎ እያንዳንዱ ቁራጭ በልዩ ልዩ ጥራት ይዘጋጃል። ማጫወቻው የቀደመው ቁራጭ በምን ፍጥነት እንደደረሰ ይለካና ቀጣዩን በሚመጥነው ጥራት ይጠይቃል። ምስሉ ድንገት ደብዘዝ ብሎ እንደገና የሚጠራው በዚህ ነው።

ርቀትስ? በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ ቀጥታ ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ ቢያንስ 115 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ከዚህም ይበልጣል። እያንዳንዱ «ደርሶኛል» የሚል መልእክት ይህን መንገድ መመላለስ ካለበት ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሚሊዮኖች አንዱን ፊልም ከአንድ ቦታ ቢጠይቁም መስመሩ ይታፈናል። በዚህ የተነሣ ኔትፍሊክስ ከ2011 ጀምሮ ፊልሞቹን የያዙ ሰርቨሮችን በኢንተርኔት አቅራቢዎች ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ። በአካባቢው ሊፈለጉ ይችላሉ ተብለው የተገመቱት ፊልሞች ሰው በሚተኛበት ሰዓት ወደ እነርሱ ይጫናሉ። እኛ ይህን ስናይ ፈገግ እንላለን። የሰፈሩን ምርጫ ገምቶ በቅርብ መደርደሪያ ላይ ቅጂ ማስቀመጥ ዴቪድ ኩክ በ1985 በዳላስ ይሠራው የነበረው ነገር ነውና።

ብሎክበስተር ለምን ወደቀ?

ኔትፍሊክስ በ2000 ራሱን በ50 ሚሊዮን ዶላር ለብሎክበስተር ለመሸጥ አቅርቦ እንደነበርና እንዳልተቀበሉት በሰፊው ይነገራል፤ እውነትም ነው። እምብዛም የማይነገረው ግን በዚያው ዓመት ብሎክበስተር ከኤንሮን ኩባንያ ጋር ፊልምን በኢንተርኔት ለቤቶች ለማቅረብ የ20 ዓመት ስምምነት መፈራረሙ ነው። ከኔትፍሊክስ ሰባት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። በጥቂት ከተሞች ሙከራ ተደርጎ በመጋቢት 2001 ስምምነቱ ፈረሰ፤ ኤንሮንም በዓመቱ መጨረሻ በታወቀው የሒሳብ ማጭበርበር ተንኮታኮተ። ሐሳቡ ነበረ፤ መስመሩና እመቃው ግን ገና አልደረሱም ነበር።

በ2004 ብሎክበስተር ራሱ በፖስታ ማከራየት ጀመረ። በ2006 መጨረሻ ደግሞ በፖስታ የመጣን ዲስክ በአቅራቢያ ሱቅ መልሶ ወዲያው ሌላ መውሰድ የሚያስችል ዘዴ አመጣ፤ ይህም ኔትፍሊክስን አስጨንቆት ነበር። ሆኖም በ2007 የኩባንያው ኃላፊ ጆን አንቲዮኮ ከባለ አክሲዮኖች ጋር ተጋጭቶ ለቀቀ፤ ተተኪው ትኩረቱን ወደ ሱቆቹ መለሰ። የሺህ ሱቆች ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ በላዩ ላይ ነበሩ። በመስከረም 2010 ኪሳራ አወጀ፤ በ2011 ዲሽ ኔትወርክ በ320 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ከ2019 ጀምሮ በዓለም ላይ ስሙን ይዞ የቀረው በኦሪገን ግዛት በቤንድ ከተማ ያለው አንድ ሱቅ ብቻ ሆነ። ዲስኳም ዕድሜዋ አጭር ነበር፤ ኔትፍሊክስ በመስከረም 2023 የመጨረሻዎቹን ዲቪዲዎች በፖስታ ልኮ ያንን ሥራ ዘጋ።

በእኛ አገር

የአገራችን ጉዞ ከዚህ ይለያል። በአዲስ አበባና በክፍላተ ሀገር ከተሞች ቪዲዮ ማከራያ ቤቶች መታወቂያ እያስያዙ ካሴት፣ ቀጥሎም ቪሲዲና ዲቪዲ ሲያከራዩ ኖረዋል። ከእነርሱ በኋላ በቀጥታ የተተካው ስትሪሚንግ ግን አልነበረም፤ ፍላሽ ነው። ፍላሹን ወይም ስልኩን ይዞ ሄዶ ፊልም ማስጫን የብዙ ወጣት ልማድ ሆነ። ስሌታችን እዚህም ይሠራል። 32 ጊጋ ባይት የሚይዝ ፍላሽ በኪሱ አድርጎ የአሥር ደቂቃ መንገድ የሚሄድ ሰው በሰከንድ 427 ሚሊዮን ቢት ያህል እያጓጓዘ ነው። ባሕር በር በሌላት አገራችን ኢንተርኔት የሚገባው በጎረቤቶቻችን በኩል ከባሕር ጠለል ገመዶች ጋር ተያይዞ ነው፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ አንድ ስልክ የሚደርሰው ፍጥነት ከፍላሹ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ኔትፍሊክስ በጥር 2016 ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ130 ተጨማሪ አገሮች ሲከፈት እንኳ ፍላሹ ከቦታው አልተነቃነቀም። የጭነቱ ጉዳት ግን የታወቀ ነው፤ ለፊልም ሠሪው አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም።

አሁን ቀደም ሲል ልብ በሉልን ወዳልነው መርህ እንመለስ። ካሴት የገዛ ሰው የካሴቱ ባለቤት ነበር። ስትሪሚንግ የሚከፍል ሰው ግን ምንም አይገዛም፤ የማየት ፈቃድ ብቻ ያገኛል። አቅራቢው ራሱም ብዙውን ፊልም የሚያሳየው በጊዜ በተወሰነ ውል ነው። በየካቲት 2012 ኔትፍሊክስ ስታርዝ ከተባለ ድርጅት ጋር የነበረው ውል ሲያበቃ ብዙ ፊልሞች በአንድ ጊዜ ከዝርዝሩ ወጡ። በሲያትል ከተማ የሚገኘው ስኬርክሮው የተባለ ቪዲዮ ቤት በ2014 ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ሆኖ ከ130,000 በላይ ርዕሶችን ማቆየቱ ከዚህ አንጻር ትርጉም አለው። ከእነርሱ መካከል በየትኛውም ስትሪሚንግ የማይገኙ ብዙ አሉ።

የአማርኛ ፊልሞችስ? በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩት የቀደሙት ፊልሞች፣ የመድረክ ድራማዎች፣ የሠርግና የለቅሶ ቅጂዎች በየመሳቢያው በካሴት ተቀምጠዋል። ከፊሎቹን በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ወደ ዩቲዩብ ጭነዋቸዋል፤ ያልተጫኑት የሚበልጡ ይመስለናል። ካሴት ደግሞ አይጠብቅም። የብረት ኦክሳይዱን ከፕላስቲኩ ጋር የሚያጣብቀው ሙጫ ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ይበሰብሳል፤ የማግኔት ኃይሉም ቀስ በቀስ ይደክማል። የካሴት ዕድሜ እንደ አቀማመጡ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይገመታል። በ1990ዎቹ የተቀዳ ካሴት ጊዜው አልፎበታል ወይም በማለፍ ላይ ነው። ዴክ ከሚሠሩ ፋብሪካዎች የመጨረሻው የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ደግሞ በ2016 ማምረት አቁሟል፤ ካሴቱ ቢተርፍ እንኳ የሚያነበው መሣሪያ እያለቀ ነው።

ካሴት በቤቱ ያለው አንባቢ ከሙቀትና ከእርጥበት አርቆ፣ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ሳያኖር፣ እንደ መጽሐፍ አቁሞ ያስቀምጠው። ሻጋታ ያወጣውን ካሴት ሳይጸዳ ወደ ዴክ አያስገባው፤ ሻጋታው የዴኩን ራስ አበላሽቶ ወደ ቀጣዩ ካሴት ይተላለፋልና። የሚሠራ ዴክ ካገኘም በርካሽ የሚገኘውን የቪዲዮ መቀበያ በኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ መገልበጥ ይችላል። የ180 ደቂቃ ካሴት በሰከንድ በ8 ሚሊዮን ቢት ቢቀዳ 10.8 ጊጋ ባይት ይሆናል፤ 16 ጊጋ ባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ተርፎት ይሰፍራል። ቅጂው ግን ሁለት ይሁን፤ ሁለተኛው በሌላ ቤት ይቀመጥ።